ዝሆኔ ከዘር ነውን ወይስ ከአፈር?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



አፈሩ ቀይ፥ ዝናሙም ብዙ በሆነበት የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ፥ በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር ቆሞ የገበያተኛውን እግር የሚመለከት ሰው፥ ከጉልበት በታች ያበጠ፥ ቆዳው የጠጠረና እንደ አሮጌ ዛፍ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ እግር ማየቱ አይቀርም። ሕዝባችን ይህን በሽታ ዝሆኔ ይለዋል፤ ስሙም ከእግሩ መልክ የተወሰደ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን መልሱ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ እባብ ረግጦ ነው ይላል፤ ሁለተኛው የሞተ እንስሳ ተራምዶ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ነገሩን ወደ እርግማን ይወስደዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ግን ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚነገረው «ከዘራቸው ነው» የሚለው ቃል ነው። በዚህ ቃል የተነሣ እግራቸው ደኅና የሆኑ ወጣቶች እንኳ፥ አባታቸው ወይም አክስታቸው ዝሆኔ ስለ ነበረባቸው ብቻ፥ የሚያገባቸው አጥተው ይቀራሉ።

በዛሬው ንግግራችን የምንተርከው ይህ በሹክሹክታ የሚነገር ቃል በሳይንስ ፊት ቀርቦ እንዴት እንደ ተመረመረ ነው። መርማሪዎቹ የሰውን ዘረመል የሚያነቡ፥ ያነበቡትንም በኮምፒዩተር የሚያሰሉ ሊቃውንት ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በዋናው ጽሑፍ ላይ ስማቸው አስቀድሞ የሚገኘው ኢትዮጵያዊው ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ ናቸው። በታሪኩ ውስጥ የምንጠራቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጭ ይወቅልን።

ነገሩን ከመነሻው ለመያዝ ወደ 1960ዎቹ መመለስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ በሐኪሞች መጻሕፍት ዘንድ ዝሆኔ ሲባል፥ በትንኝ ንክሻ ወደ ሰውነት የሚገባ ቀጭን ትል የሚያመጣው በሽታ ማለት ነበረ። ይህ ትል በአገራችን የለም አይባልም፤ በምዕራቡ ቆላ፥ በጋምቤላ በኩል፥ ይገኛል። ነገር ግን የደገኛው ሕመምተኛ ደም ሲመረመር ትሉ አልተገኘም። ኡመን የተባሉ ሐኪም በልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች ገበያዎች ጥናት አድርገው በ1969 ያወጡት ጽሑፍ፥ ከገበያተኛው መካከል ከመቶው 2.7 ያህሉ ዝሆኔ እንዳለበት አስታወቀ። ገበያን የበሽታ መቍጠሪያ ማድረግ ብልህነት ነው፤ ሕዝቡ በራሱ እግር ወደ ሐኪሙ ይመጣልና። ሆኖም እግሩ ከብዶት ከቤቱ ያልወጣው፥ ወይም አፍሮ የቀረው ሕመምተኛ፥ ከዚህ ቍጥር ውጭ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ በኋላ የታሪኩን ትልቅ ድርሻ የያዙት ኧርነስት ፕራይስ የተባሉት እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ናቸው። እኒህ ሰው በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ ሳለ፥ ወደ እርሳቸው ከሚመጡት መካከል ሥጋ ደዌ የሌለባቸው፥ እግራቸው ግን ያበጠ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አስተዋሉ። የበሽታውን ስፍራ ከአፈሩና ከአየሩ ጠባይ ጋር ሲያስተያዩት፥ በሽታው የሚበዛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባለ፥ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናም በሚዘንብበት፥ አፈሩም ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላማ መሬት ላይ ሆነ። ቀጥሎም ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱ ሰዎች ንፍፊት ሥጋ ቈርጠው በማጕያ መሣሪያ ቢመረምሩ፥ ትል ሳይሆን የአፈር ማዕድን ደቃቅ ቅንጣት አገኙ። አፈሩ በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ በውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ያቆስላል፤ ቧንቧዎቹ ሲጠብቡ ፈሳሹ መውጫ ያጣና እግሩ ያብጣል ማለት ነው። ፕራይስ ለዚህ በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጡለት፤ ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ ሲሆን እግርንና አቧራን ያገናኛል። የዕድሜ ልክ ሥራቸውን የያዘው መጽሐፋቸው በ1990 ታተመ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ጥያቄ ሳይፈታ ቀረ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ማሳ፥ በአንድ ዓይነት ባዶ እግር፥ ሃያ ዓመት ያርሳሉ። የአንደኛው እግር ያብጣል፤ የሁለተኛው እስከ ሽምግልናው ደኅና ይኖራል። አፈሩ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከወዴት መጣ? ፕራይስ ራሳቸው ይህን አይተው፥ የዘር ምክንያት ሊኖርበት ይችላል የሚል ጽሑፍ በ1972 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተው ነበር። በጊዜው ግን የሰውን ዘረመል ገልጦ ለማንበብ የሚያስችል መሣሪያ አልነበረምና፥ ሐሳቡ ሐሳብ ሆኖ ተቀመጠ።

ብዙ ዓመታት አለፉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት እንግሊዛዊት ሐኪም ጌይል ዴቪ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወላይታ ወረዱ። በ2003 የወጣው ቈጠራ በዚያ አገር ከመቶ ሰው ከ5 የሚበልጠው ዝሆኔ እንዳለበት አሳየ። በ2006 ደግሞ ፋሲል ተኮላ፥ ዳመነ ኃይለ ማርያምና ጌይል ዴቪ በሽታው በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል እንደሚያከስር አስልተው አወጡ። ያን ጊዜ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረበት በወላይታ ዞን ብቻ ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ ሕመምተኛውም ከሥራ ቀኑ ከመቶው 45 ያህሉን ያጣል። መሥሪያ ቤት የሚውል አድማጫችን ይህን ቍጥር በራሱ ክፍል አስቦ ይመልከተው፤ ከሠራተኞቹ እያንዳንዱ በዓመቱ ግማሽ በሚሆኑት ቀናት ከሥራ ቢቀር፥ ያ ክፍል እንዴት ያለ ክፍል ይሆን? ገበሬው ግን የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው አለቃ የለውም፤ ማሳው ብቻ ጦም ያድራል።

የዘሩ ጥያቄ እንደገና የተነሣው ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን ነው። በ2007 የወጣው ጥናት በወላይታ በሽታው ያለባቸውን 59 ቤተ ሰቦች የትውልድ ሐረግ መረመረ። ከቤተ ሰቡ አንዱ ዝሆኔ ያለበት ከሆነ፥ ወንድሙ ወይም እኅቱ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 5 እጅ ይበልጣል፤ በሰውና በሰው መካከል ከሚታየውም ልዩነት ከመቶው 63 ያህሉ በውርስ ሊገለጽ እንደሚችል ተሰላ። ይህን የመጨረሻውን ቍጥር ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ያነበዋልና ጥቂት እንቆይበት። ከመቶ ሕሙማን 63ቱን ያሳመማቸው ዘራቸው ነው ማለት አይደለም። በአንድ ቀይ አፈር ላይ፥ በአንድ ዓይነት ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ለምን እንደሚለያዩ ብቻ ይናገራል እንጂ፥ አፈሩ ከሥፍራው ቢነሣ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ያው ጥናት ራሱ፥ የሰውየው ዕድሜና ጫማ ማድረጉ በበሽታው ላይ ኃይል እንዳላቸው አብሮ ገልጿል።

እንግዲህ የተመራማሪዎቹ ጭንቀት እዚህ ላይ ነበረ። መንደሩ አስቀድሞ «ከዘራቸው ነው» ብሎ ፈርዷል። አሁን ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች መኪናቸውን በሕመምተኛው ደጅ አቁመው፥ እናቱን፥ አባቱን፥ እኅቱን ለዘር ምርመራ ናሙና ስጡ ቢሏቸው፥ ጎረቤቱ ምን ይላል? የተጠረጠረው እውነት ሆኖ ተገኘ ይላል። ሳይንሱ ገና መልስ ሳይሰጥ፥ ጥያቄው ብቻ የሰውን ቤት ሊያፈርስ ይችላል። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ይህን ነገር እንደ ቀላል ሳይመለከቱ፥ ናሙና ከመሰብሰባቸው አስቀድሞ ሕዝቡን ለመስማት ሄዱ፤ ሕሙማንን፥ ጤነኞችን፥ የአገር ሽማግሎችንና የሃይማኖት አባቶችን ጠየቁ። በ2009 ያወጧቸው ጽሑፎች እንደሚያስረዱት፥ ሕመምተኞቹ ከምርመራው ይልቅ የፈሩት መታየትን ነው፤ ስለ ዘር የሚደረግ ጥናትም የቤተ ሰቡን ስም ይበልጥ ያጐድፋል የሚል ሥጋት ነበረባቸው።

በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከኮምፒዩተሩ ሥራ የማያንስ ክብር የሚገባው ይህ የጥየቃ ሥራ ነው። አንድ ሰው በምርምር ለመሳተፍ ፈቃዱን ሰጠ የሚባለው ወረቀት ስለ ፈረመ ብቻ አይደለም። ማን እንደ ጠየቀው፥ በየት ስፍራ እንደ ጠየቀው፥ በምንስ ቋንቋ እንዳስረዳው ሁሉ ይቈጠራል። ስለዚህ የሚያስረዱት ሰዎች አገሩን የሚያውቁ እንዲሆኑ ተደረገ፤ ሕዝቡም በሽታው ከዘር ብቻ የሚመጣ አለመሆኑ፥ አፈርና ዘር ተባብረው የሚያመጡት መሆኑ እንዲነገረው ተደረገ።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ዲ ኤን ኤ በሚባል ነገር የተጻፈ መዝገብ አለ፤ ይህ መዝገብ በጠቅላላው ጂኖም ይባላል። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ርዝመቱ ግን 3 ቢሊዮን ፊደል ያህል ነው። ይህን መዝገብ ለማንበብ ልዩ ልዩ መንግሥታት ተባብረው በ1990 ሥራ ጀመሩ፤ በ2003 ሥራው ተፈጸመ ተባለ፤ በዚያን ጊዜ ያልተነበበ ቀርቶ የነበረው ክፍልም በ2022 ተሟላ። ሰው ከሰው የሚለየው በዚህ መዝገብ ጥቂት ስፍራዎች ላይ ነው። አንዱ ሰው አንድ ዓይነት ፊደል ባለው ስፍራ፥ ሌላው ሌላ ፊደል ይኖረዋል። አንድ በሽታ ከዘር ጋር ግንኙነት ካለው፥ ከእነዚህ ስፍራዎች በአንዱ ላይ የሕሙማኑ ፊደል ከጤነኞቹ ፊደል በብዛት ይለያል ማለት ነው።

ይህን ለማግኘት በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀውን ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚፈለገው ጉዳይ በየትኛው ፋይል እንዳለ አይታወቅም፤ ስለዚህ ፋይሉ ሁሉ ይገለጣል። በዶክተር ፋሲል ጥናት 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች፥ ሁሉም ከደቡብ ኢትዮጵያ፥ እያንዳንዳቸው ከ500,000 በሚበልጡ ስፍራዎች ላይ ፊደላቸው ተነበበ። ቍጥሩን ሲያባዙት ወደ 200 ሚሊዮን የሚደርስ ንባብ ነው፤ ይህን ያህል ነገር በእጅ የሚያመሳክር ጸሐፊ የለም። ከሥነ ሕይወትና ከኮምፒዩተር ስሌት ጋብቻ የተወለደው፥ ባዮኢንፎርማቲክስ የሚባለው ትምህርት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ትምህርት ዋና ሥራ ፈጥኖ መቍጠር የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ዋና ሥራው ግን ራስን ከመሸንገል መጠበቅ ነው። በተለመደው የጥናት ሕግ አንድ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል ከ20 አንድ በታች ከሆነ ይታመናል። ነገር ግን 500,000 ጥያቄ አንድ ጊዜ የጠየቀ ሰው በዚህ ሕግ ቢፈርድ፥ አንድም እውነት ሳይኖር 25,000 የሐሰት ምስክር ይቆምለታል። በዚህ ምክንያት የዘረመል ተመራማሪዎች መለኪያውን እጅግ አክብደውታል፤ አንድ ውጤት የሚታመነው በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል ከ100 ሚሊዮን 5 ያህል ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የትውልድ ሐረግ ነው። ሕሙማኑ ከአንድ አገር፥ ጤነኞቹ ከሌላ አገር ቢወሰዱ፥ ኮምፒዩተሩ ብዙ ልዩነት ያገኛል፤ ልዩነቱ ግን የአገር ልዩነት እንጂ የበሽታ አይሆንም። ለዚህ ሲባል ሁለቱም ወገኖች ከወላይታ ሕዝብ ተወሰዱ። ይህም አልበቃ ብሎ ሌላ ማረጋገጫ ታከለበት፤ እርሱም እጅግ የሚያረካ ዘዴ ነው። 202 ሕመምተኞች ከነእናት ከነአባታቸው ተመረመሩ። እያንዳንዱ ወላጅ ካለው ሁለት ቅጂ አንዱን ብቻ ለልጁ ይሰጣል፤ የትኛውን እንደሚሰጥ ዕጣ እንደ መጣል ነው፤ እኩል በእኩል። አንድ ፊደል ከበሽታው ጋር ግንኙነት ከሌለው፥ ለታመሙት ልጆች የሚደርሰው በግማሽ ጊዜ ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ ከደረሰ፥ ዕጣው አዘንብሏል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ልጅ የሚወዳደረው ከገዛ ወላጆቹ ጋር ስለ ሆነ፥ የአገርና የጎሣ ልዩነት ሊያሳስት አይችልም።

ውጤቱ በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በተባለው ስመ ጥር የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከዶክተር ፋሲል ጋር ከጻፉት መካከል ናይጄሪያውያኑ የዘረመል ሊቃውንት አደቦዋሌ አደዬሞና ቻርልስ ሮቲሚ፥ እንግሊዛውያኑ ሜላኒ ኒውፖርትና ጌይል ዴቪ ይገኙበታል። ከግማሽ ሚሊዮን ከሚበልጡት ስፍራዎች አንዲቱ ያን ከባድ መለኪያ አለፈች፤ በአጋጣሚ የመምጣትዋ ዕድል ከአንድ ቢሊዮን 1.4 ያህል ነበረ። ሌሎች ሰባት ስፍራዎች፥ መለኪያውን ባያልፉም፥ በአቅራቢያዋ ተሰብስበው ወደ እርስዋ ያመለክቱ ነበር። ወላጆቹና ልጆቹ ሲመረመሩም ዕጣው በዚያው ወገን አዘንብሎ ተገኘ።

ስፍራይቱ የምትገኘው በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ፥ ኤች ኤል ኤ በሚባለው የዘረመል ሰፈር ነው። ይህን ሰፈር የሕክምና ሰዎች ከቀድሞ ጀምሮ ያውቁታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ዶሴ የመጀመሪያውን ምልክት በ1958 አግኝተው፥ በ1980 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። አካላችን የራሱን ከባዕድ የሚለይበት መሣሪያ የሚሠራው በዚህ ሰፈር ትእዛዝ ነው። አሠራሩን በመሥሪያ ቤት ምሳሌ ብናየው ይቀላል። ከውጭ የሚገባውን ሁሉ ተቀብሎ የሚከፍት፥ ከከፈተውም ላይ ቁራጭ አንሥቶ በሰሐን ላይ አድርጎ ለአለቃው የሚያሳይ ሠራተኛ አለ እንበል። አለቃው ቲ ሕዋስ የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው፤ የቀረበለትን አይቶ «ይህ ጠላት ነው» ካለ፥ ሠራዊቱ ይነሣል። ኤች ኤል ኤ ያ ሰሐን ነው። የሰሐኑ ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ ሰሐን አንዱን ነገር አጥብቆ ይይዛል፥ ሌላው ያንኑ ነገር ያንሸራትታል።

ስለዚህ በቀይ አፈር ውስጥ ያለ አንድ ነገር በአንዳንዱ ሰው አካል ውስጥ እንደ ጠላት ተቈጥሮ፥ የራሱ ሠራዊት የራሱን የሊምፍ ቧንቧ እያቃጠለ ያጠፋዋል የሚል ግምት ከዚህ ተነሣ። ይህ ከሆነ ዝሆኔ አፈር ቧንቧ ስለ ደፈነ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን፥ አካል ለአፈር በሚሰጠው ቍጡ መልስ የሚመጣ በሽታ ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ያ ነገር የትኛው እንደ ሆነ ገና አልተለየም፤ በ2014 የወጣ ጥናት ስሜክታይት፥ ማይካና ኳርትዝ የተባሉት ማዕድናት በበዙበት ስፍራ በሽታውም እንደሚበዛ አሳይቷል።

እንግዲህ መንደሩ እውነት ተናግሮ ኖሯልን? «ከዘራቸው ነው» ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ በእጁ ይዞ «አላልኩምን?» ሊል ይችላልን? የቍጥሩን ልክ ካየን አይችልም። ያች ፊደል ያለችበት ወገን ከሌለችበት ወገን ይልቅ በበሽታው የመያዙ ነገር ሲመዛዘን 2.4 እጅ ያህል ነው። ፊደሊቱ ኖራቸው ደኅና የሆኑ ብዙ ጤነኞች በዚያው ጥናት ውስጥ ነበሩ፤ ሳትኖራቸው የታመሙም ነበሩ። በዘር የሚወረሰው በሽታው አይደለም፤ የሚወረሰው አካል ለአንድ ዓይነት አፈር ያለው ስስነት ነው። ያ አፈር ቆዳውን ካልነካው ግን ስስነቱ ምንም የሚሠራው ነገር የለም።

ለዚህ ከኮምፒዩተር ስሌት ይልቅ የሚታመን የታሪክ ምስክር አለ። ይህ በሽታ ዛሬ የአፍሪካ ደጋ፥ የመካከለኛው አሜሪካና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ በሽታ ነው ይባላል እንጂ፥ ቀድሞ በፈረንሳይ፥ በአየርላንድ፥ በስኮትላንድ ነበረ፤ በአልጄሪያ፥ በቱኒዚያ፥ በሞሮኮና በካናሪ ደሴቶችም ነበረ። ከእነዚህ አገሮች ሁሉ ጠፍቷል። ያጠፋው ክትባት አይደለም፤ መድኃኒትም አይደለም። ሕዝቡ ጫማ አደረገ፥ በሽታው ጠፋ። በዚህ አጭር ዘመን የሕዝቡ ዘር አልተለወጠም፤ የአያቶቹ ፊደል በልጅ ልጆቹ ውስጥ አለ። የተለወጠው በቆዳውና በአፈሩ መካከል የገባው አንድ ጣት የማይሞላ ቆዳ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ የዘረመል ግኝት እስከ ዛሬ አንድ ክኒን እንኳ አላስገኘም። ይህን የሚሰማ ሰው ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ለምን ነበር ይል ይሆናል። በበኩሌ መልሱ ያለው በሕመምተኛው ቤት ይመስለኛል። ለልጁ ባል የሚፈልግ አባት፥ «የእግሬ ነገር ወደ እርስዋ ያልፋልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሐኪሙ ቀድሞ የሚመልሰው ግምት ነበረ። ዛሬ ግን ከሕፃንነትዋ ጀምሮ ጫማ ካደረገችና እግርዋን በየቀኑ ከታጠበች አያልፍም ብሎ በማስረጃ ሊመልስ ይችላል። ከሐኪሞቹም ወገን የተገኘ ጥቅም አለ። በጂኖም ጥናት ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ የሚገኘው ሕዝብ አብዛኛው አውሮፓዊ ነው፤ የወላይታው ገበሬ ናሙና ግን በአፍሪካ የዘረመል ጥናት ተግቶ ቢደረግ ምን ያህል እንደሚያስገኝ አሳየ። በ2021 ደግሞ ያው የኤች ኤል ኤ ግንኙነት በሦስት የኢትዮጵያ ሕዝቦች ላይ እንደገና ተፈትኖ ጸና። ዶክተር ፋሲል ከዚህ በኋላ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ምርምራቸውን በመቀጠል፥ በማኅፀን ያለ ልጅ እድገት ከዘረመል ጋር ስላለው ግንኙነት ያጠናሉ።

በአገራችን በ2013 በተደረገው ጠቅላላ የካርታ ሥራ፥ ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል፤ በሽታው ሊያድርበት በሚችለው ዓይነት መሬት ላይ የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ወደ 35 ሚሊዮን ነው። በዚያው ዘመን መንግሥት በሽታውን ችላ ከተባሉት የቆላ በሽታዎች ጋር በአገር አቀፍ ዕቅዱ ውስጥ አገባው፤ የደገኛው በሽታ የቆላ በሽታ መባሉ ግን ሳያስገርም አይቀርም።

የታመመውን በሚመለከት፥ በ2018 የወጣ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ወዲያውኑ እግሩን በሳሙናና በመድኃኒት ውኃ መታጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ ጀመረ፤ ሁለተኛው ወገን ያንኑ እርዳታ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። እግሩ እየተቃጠለ፥ ትኩሳት እየተነሣ ሕመምተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለው ግርሻ ባልታከሙት ዘንድ በዓመት 23.9 ጊዜ ሲሆን፥ በታከሙት ዘንድ ወደ 19.4 ዝቅ አለ። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ካለ፥ በዓመት አራት ጊዜ ተኩል ከአልጋ መዳን ለአንድ ገበሬ ምን እንደ ሆነ በክረምት መግቢያ ገበሬውን ይጠይቅ።

በገበያ የሚሸጥ ጫማ ላበጠ እግር አይገባም፤ ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ችግር ነው። ሕመምተኛው ጫማ እንዲያደርግ የሚመከረው እግሩ ለጫማ የማይበቃ ሆኖ ካበጠ በኋላ ነው። በወላይታ ሶዶ የሚሠራ አንድ የእርዳታ ማኅበር ይህን አይቶ፥ ታክመው የተሻላቸውን ሕሙማን ራሳቸውን ጫማ መስፋት አስተማረ። እግሩ በወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ዙሪያው በእርሳስ ይከበባል፤ ቆዳውም በዚያው ልክ ይቈረጣል። የአንድ ሰው ቀኝ ከግራው ስለማይተካከል፥ እያንዳንዱ እግር ለብቻው ይለካል።